13 ዓመት የሞላው ልጅ የት ይቀመጥ?

ከለርና ብስኩት (እሁድ ማታ 3፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስሜን «ከለርና ብስኩት» ያልኩት ለቀልድ አይደለም። የክፍላችን ዓመታዊ በጀት ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚጻፈው እሱ ስለሆነ ነው።

ስንጀምር ሠላሳ የማይሞሉ ልጆች ነበሩን። ዛሬ ጠዋት መዝገብ ላይ 143 ስም ጠራሁ። ሪፖርት ሳቀርብ ይጨበጨባል። «አገልግሎቱ አደገ» ይባላል። እኔም አምን ነበር።

የዛሬውን ልንገራችሁ። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እኛ ጋ ያደገ ልጅ አለ። ባለፈው ወር 13 ሞላው። የእኛ አግዳሚ ወንበሮች አናጺው ለሕፃናት ብሎ የሠራቸው ናቸው፤ ከመሬት ብዙም ከፍ አይሉም። እዚያ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል። የማስተምረው ስለ ኖኅ መርከብ ነበር። ይህ ልጅ ኖኅን ከእኔ ሲሰማ ቢያንስ ለአራተኛ ጊዜው ነው። ስጠይቅ እጁን አያወጣም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል፤ መልሱን ሁሉ ያውቀዋል። የሚቀለም ሥዕል ስናድል አንድ ወሰደ። አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወጣ።

ተከተልኩት። ጥበቃው ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ስልክ ይነካካል።

«ለምን ወጣህ?»

«ቲቸር፣ እግሬን አመመኝ።»

በሰዓቱ ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን የድሮውን መዝገብ አወጣሁ። ከስድስት ዓመት በፊት «ዕድሜ 8» ብለን የመዘገብናቸው 22 ልጆች ናቸው። አሁን ግቢ ውስጥ የማያቸው አምስቱን ነው። የሦስት አራቱ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሰፈር ቀይሯል። የቀሩት እዚያው ናቸው። ታክሲ ተራ እንገናኛለን። «ሃይ ቲቸር» ብለው ያልፋሉ።

አዋቂዎች ጋ ልላከው? ስብከቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ወጣቶች ጋ? የወጣቶች ፕሮግራማችን ቅዳሜ 10 ሰዓት ነው። ከሚመጡት ግማሾቹ ቀለበት አስረዋል፤ ርዕሱ ሁሌ የትዳር ጓደኛ አመራረጥ ነው። (ቀለበት ያሰረው ሰው ምን ሊመርጥ እንደሚመጣ አይገባኝም።)

እናንተ ጋ 13 ዓመት የሞላው ልጅ የት ነው የሚቀመጠው?

የድሮ ዘማሪ (እሁድ ማታ 4፡15)

እኛ ጋ መልሱ ቀላል ነበር። ኳየር። የልጆች ኳየር፣ ከዚያ የታዳጊዎች፣ ከዚያ «ሐ»፣ «ለ»፣ ድምፅህ ከፈቀደ «ሀ»። ወጣት ማለት ዘማሪ ማለት ነው።

በ14 ዓመቴ ለድምፅ ፈተና ቀረብኩ። ኪቦርድ የሚመታው ወንድም አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያደረገ ሞከረኝ። ቶኑ አልያዝ አለኝ። በመጨረሻ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጌታ በሌላ ዘርፍ ይጠቀምብሃል» አለኝ።

ሌላ ዘርፍ አልነበረም። ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው መድረክ ሲወጡ ለጥቂት ወር ከኋላ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ መምጣቱን ተውኩት። የተመለስኩት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። የዶርሜ ልጅ እየጎተተ ፌሎሺፕ ወሰደኝ። እዚያ ዘምር ያለኝ የለም። ወንበር ደርድር አሉኝ። ደረደርኩ፤ እዚያው ቀረሁ።

ስሜ ላይ «ዘማሪ» ያልኩት ምኞቴን ነው።

ፈራሚው ሽማግሌ (ሰኞ ጠዋት 1፡05)

እህቴ፣ ተባረኪ። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም በአጥቢያችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ውስጥ ነኝ። ስለዚህ የእኛን ብስኩት የምፈርመው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልበል። ልጅ የማሳደግ አደራ የወላጅ ነው። ዘዳግም 6 ላይ ቤትህ ስትቀመጥም መንገድ ስትሄድም ለልጆችህ አስተምር ነው የሚለው። ለቲቸር አስረክብ አይልም። ዛሬ ወላጁ ልጁን በር ላይ ጥሎ ይገባል፤ ሲወጣ እንደ ጃንጥላ ይወስደዋል።

ሌላው ትዝታ ነው። በደርግ ጊዜ የጸሎት ቤታችን ሲታሸግ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንሰበሰበው በየሰው ቤት ነው። የልጆች ክፍል የሚባል ነገር የለም። የእኔ ሥራ በር ላይ ብይ መጫወት ነበር። የማላውቀው ሰው ወደ ግቢው ሲመጣ ጮክ ብዬ «ተበላሁ!» እላለሁ። ያኔ ውስጥ ያሉት ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ስብከቱን አንድም ቀን ሙሉውን ሰምቼ አላውቅም። ግን መቅረት የሚባል ነገር አይታሰብም። እኔ ከቀረሁ ማን ይጠብቃል?

ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን እኮ በ1959 ዓ.ም. ሲመሠረት መሥራቾቹ በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። የወጣቶች ክፍል አልነበራቸውም። ሁሉም ወጣት ነው፤ ለማን ይክፈሉት?

አሁን ሳየው ሁለተኛው አንቀጼ የመጀመሪያውን ሳይቃረን አልቀረም። ይሁን፣ አልሰርዘውም።

ከለርና ብስኩት (ሰኞ ጠዋት 2፡20)

ጋሼ፣ እንኳን አልሰረዙት። ከብይ ጨዋታው አንድ ነገር ይዣለሁ።

የወላጅ ነገር ግን እንዲህ ነው። ከ143ቱ ውስጥ የሃምሳ ያህሉ ወላጆች የእኛ አባል አይደሉም። ልጆቹ በሕፃናት ፕሮጀክቱ በኩል የመጡ ናቸው፤ ሌሎቹን ደግሞ የሰፈር ጓደኛ አስከትሏቸው ነው። የአንዷ እናት እሁድ ጠዋት እንጀራ ትሸጣለች። ዘዳግም 6ን ለማን ልስጠው?

ጆይስቲክ (ሰኞ 6፡30)

ከአዳማ። ወጣት ለመሳብ ብለን ፕሌይስቴሽን ገዛን። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ሞላ። በሁለተኛው ወር አንዱ ጆይስቲክ ተበላሸ። በሦስተኛው ሁለተኛው። በአራተኛው ወር እኔና ቴሌቪዥኑ ቀረን። የሰፈሩ ጌም ቤት እኮ አራት ማሽን አለው። ፉክክሩን አትሞክሩት።

ሐዋሳ ቲቸር (ሰኞ ማታ 2፡10)

እህቴ ከለርና ብስኩት፣ እኛም ያለፍንበት ነው። ረዘም ያደርግብኛል፤ ሻይ ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ከ11 እስከ 15 ያሉትን ለየናቸው። ክፍል አልነበረንም። ማንጎ ዛፍ ሥር ጀመርን፤ ክረምት ሲገባ ወደ በረንዳ ሸሸን። ክፍል እስኪሠራ ብንጠብቅ ልጆቹ አሁን ቀለበት ያስሩ ነበር።

ዋናው ስህተታችን ግን ቦታው አልነበረም። ተራው ነበር። ስድስት አስተማሪ ነበርን፤ በስድስት ሳምንት አንዴ ይደርሰናል። ለእኛ ይመቻል። ልጁ ግን በየሳምንቱ አዲስ ፊት ነው የሚያየው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ለአንዱ ቲቸር «አያቴ ሞተች» አለችው። አጽናናት፣ ጸለየላት። በሚቀጥለው እሁድ ሌላው ቲቸር ገብቶ «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን ያጠቆርሽው? ፈገግ በይ እንጂ!» አላት። እሱ ምን ያውቃል? ያ ሌላው ቲቸር እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ተራውን አፈረስነው። አንድ አስተማሪ ስምንት ልጅ ይይዛል። ልጆቹ ክፍል ሲያልፉ እሱም አብሯቸው ያልፋል። አራት ዓመት ማለት ነው። አሥራ አንድ ሰው ጠየቅን፤ ሰባቱ «ልጸልይበት» አሉና ጠፉ። በአራት ጀመርን። ለአንድ ዓመት አዲስ ልጅ አልቀበልንም ማለት ይቻላል። ሪፖርቱ ቀነሰ። ጉባኤው ላይ ተገሠጽን።

አስተማሪዎቹን ማየትም አለባችሁ። ልጆች የሚያስተምር ሰው እሁድ ስብከት አይሰማም። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት «ደከመኝ» ብሎ ይወጣል፤ ሰው «ምን ነካው» ይላል። እኛ ረቡዕ 11፡30 ለአስተማሪዎች ብቻ ጥናት ጀመርን። ልጅ አይነሳም፣ ፕሮግራም አይነሳም። እነሱ ራሳቸው ይማራሉ።

ሌላው ጣሳው ነው። የኒዶ ጣሳ ክዳኑን ቀደድኩና ጥያቄ ስም ሳይጻፍ ይከተትበት አልኩ። እኔ የጠበቅኩት «ዳይኖሰር መርከብ ውስጥ ገብቷል ወይ» ዓይነቱን ነው። እሱም መጣ። ግን በመጀመሪያው ቀን ከወጡት አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አባቴና እናቴ ሲጣሉ የምጸልየው ለማን ወግኜ ነው?»

የዚያን ቀን የተዘጋጀሁበትን ትምህርት አላስተማርኩም።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ደግሞ። ሰንበት ትምህርት ቤት የዛሬውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1780 እንግሊዝ አገር ግሎስተር ላይ ነው ይባላል። ሮበርት ሬይክስ የሚባል የጋዜጣ ሰው ነው የጀመረው። የሰበሰበው ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ የሚሠሩ የድሃ ልጆችን ነበር፤ እሁድ ብቻ ያርፋሉ፣ ማንበብ አያውቁም። ከመነሻውም ወላጅ ላልቻለለት ልጅ የተከፈተ ነገር ነው። እንጀራ ለምትሸጠዋ እናት ልጅ።

ማዕከላዊት (ማክሰኞ 5፡00)

ሰላም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህን ውይይት ጓደኛዬ ልካልኝ ነው። ካላባረራችሁኝ አንድ ነገር ልጨምር።

እኛ ጋ ሕፃናት፣ ማዕከላውያን፣ ወጣቶች ብለን እንከፍላለን። ስያሜው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ያው ነው። ማዕከላውያን ላይ ሲደርሱ ይሳሳሉ።

የምቀናው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አያስተምሩም። ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል። የ12 ዓመቱ ልጅ ተማሪም አስተማሪም ነው። የሱ ጉልበት አገጩ ጋ አይደርስም፤ ጭራሮ ይዞ ፊደሉን እየጠቆመ ቆሟል።

የጥምቀትን ዕለት ደግሞ አስቡ። ታቦቱ የሚያልፍበትን ቀይ ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ፣ ወደ ፊት እየሮጡ የሚያነጥፉት እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሴ ላይ ያላየናቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። ያን ሰሞን ሌሊት ይነሳሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ያንን ከባድ ምንጣፍ ይሸከማሉ። በማግስቱ ስልካቸውን የሚይዝ የለም። ምንጣፉ ይታጠፋል፤ እነሱም ለዓመት ይታጠፋሉ።

የድሮ ዘማሪ (ማክሰኞ 5፡12)

ማን ያባርርሻል? ወንበር ሳብ አድርገሽ ተቀመጪ። ከፍ ያለውን።

የሁለት ልጆች እናት (ማክሰኞ ማታ 3፡00)

እኔ ደግሞ ስለማይነሳው ላንሳ። ቁንጥጫ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ እሁድ ክፍሏ በር ላይ ስንደርስ ቀሚሴን ያዘች፤ አልገባም አለች። ማታ ሳጥባት ክንዷ ላይ አየሁት። ጓደኛዋን ስላናገረች ነው። ጠየቅኳቸው። «በፍቅር ነው» ተባልኩ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያሳድጉት ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንገባ ይሄ በር ላይ ይቀራል እንዴ?

በቁንጥጫ ያደገ (ማክሰኞ ማታ 3፡20)

እኛ በቁንጥጫ ነው ያደግነው። ምን ሆንን?

የሁለት ልጆች እናት (ማክሰኞ ማታ 3፡22)

ስማችንን ደብቀን ፎረም ላይ የምንጣላ ሆንን።

ከሜሪላንድ (ረቡዕ ጠዋት 12፡50)

የእኛን ጉድ ልንገራችሁ። እዚህ ለአዋቂዎቹ አምልኮው በአማርኛ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹ ምድር ቤት ናቸው። የምታስተምራቸው እህት ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ጎበዝ ናት፤ እንግሊዝኛው ግን ገና ነው። እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፤ እነሱ በእንግሊዝኛ እርስ በርስ ያወራሉ።

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። «ክብር ይገባሃል» እያለች ቤት ውስጥ ትዘምራለች፤ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ምን ማለት ነው አልኳት። «ክብር፣ ዩ አንደርስታንድ» አለችኝ። እናቷ ሁልጊዜ «ገባሽ? ይገባሻል?» ስለምትላት ነው። ለስንት ዓመት እግዚአብሔርን «ትረዳለህ፣ ትረዳለህ» ስትለው ኖራለች። ስህተት ነው ለማለትም አፌ አልደፈረም።

ትልቁ 16 ነው። አሁን ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር የአሜሪካኖች ቸርች ይሄዳል። አያቱ «ከዳን» ትላለች። እኔ ቢያንስ የሚሄድበት አለ እላለሁ። እኛ ጋ የእንግሊዝኛ አምልኮ ይጀመር የሚለው አጀንዳ ላይ ለሁለት ዓመት ተወያይተናል። ውይይቱ በአማርኛ ነው፤ ልጆቹ አልተጠሩም።

ቁንጥጫ ላነሳችው እህት፦ እዚህ ልጆች ክፍል ለመግባት አስቀድሞ የወንጀል ሪከርድ ያጣራሉ። መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ተሰደብኩ ብዬ ተቆጣሁ። አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር አይሆንም፤ ሁሌ ሁለት። ሽንት ቤት ሲወሰዱም እንደዚያው። የክፍሉ በር መስታወት አለው። አገር ቤት ሪከርድ ማጣራቱ ቢከብድ፣ ሁለት ሰው መሆንና በር ከፍቶ ማስተማር ሳንቲም አያስወጣም።

ሐዋሳ ቲቸር (ረቡዕ 3፡30)

የመጨረሻውን አንቀጽ ኮፒ አድርጌ ለአስተማሪዎቻችን ግሩፕ ልኬዋለሁ። ማንጎው ዛፍ ለካ በር አልነበረውም፤ ያኔ አላስተዋልነውም።

ሚክሰር (ሐሙስ ማታ 4፡45)

እኔ 18 ዓመቴ ነው። ስለ እኛ ስታወሩ ነበር፣ ልግባ።

13 እያለሁ እኔም ልወጣ ነበር። ሳውንድ ሲስተም የሚሠራ አንድ ወንድም ነበር። አንድ እሁድ ፕሮግራም ሲያልቅ «ና ኬብል ጠቅልል» አለኝ። ክንዴ ላይ እየዞርኩ መጠቅለል ጀመርኩ። ተቆጣ። «እንደዚህ ውስጡ ይበጠሳል» አለኝ። አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች አድርጎ አሳየኝ፤ ስትለቀው ሳይጠላለፍ ይዘረጋል። ሦስት እሁድ ኬብል ብቻ ጠቀለልኩ። በአራተኛው ሚክሰሩን አስነካኝ።

ስለ መንፈሳዊ ሕይወቴ ጠይቆኝ አያውቅም ማለት ይቻላል። ኬብል እየጠቀለልን ግን ብዙ አውርተናል።

አሁን ካናዳ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ነበርኩ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነው፤ ስልክ አይያዝም። ስወጣ ስልኬን ስከፍት የቤተሰብ ሚስድ ኮል ሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያን አንድ መልእክት ብቻ አገኘሁ። ከካናዳ። «ኬብሉን ማን እየጠቀለለው ነው?» ይላል።

እና ቲቸር፣ ልጁ መቀመጥ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ፈራሚው ሽማግሌ (ሐሙስ ማታ 5፡10)

እንደ እኔ ብይ ጨዋታ።

ከለርና ብስኩት (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 2፡30)

ሰላም። ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ልጁን ጠየቅኩት። «ትንንሾቹን ታስተምራለህ?» አልኩት። «አልፈልግም» አለ። (ማዕከላዊት፣ አዝናለሁ፤ ጭራሮውን አልተቀበለም።) «ኬብልስ?» ትከሻውን ነቀነቀ። «እና ምን ትፈልጋለህ?» ስለው ዝም አለ። የሆነ ነገር የሚናገር መስሎኝ ቆምኩ። ምንም አላለም። የእኛ የሳውንድ ልጅ ደግሞ ማንም ዕቃዬን አይነካም አለ። እንግዲህ እንደ ሚክሰር ታሪክ ቶሎ የሚሰምር እንዳይመስላችሁ።

ባለፈው እሁድ ግን መነጽሬን ረስቼ ሄድኩ። መዝገቡን ሰጠሁትና «ጥራልኝ» አልኩት። ቆሞ ከ140 በላይ ስም ጠራ። አንዷን የአምስት ዓመት ልጅ ስሟን አላልቶ ሲጠራት «ጠብቆ ነው የሚነበበው!» ብላ ተቆጣችው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሲጨርስ መዝገቡን አልመለሰልኝም። የቀሩትን ልጆች ስም ከኋላ ገጽ ላይ ለብቻ ጽፎታል። «እነዚህ ሁለቱ የእኛ ሰፈር ናቸው፣ ማታ አያቸዋለሁ» አለኝ።

ዛሬ አንዱን ይዞት መጣ።

ሌላው ዜና፣ ሽማግሌዎቹ ማከማቻውን ክፍል ሊሰጡን ነው። ውስጡ የተበላሸ ስፒከር፣ የሠርግ አበባና ማንም የማያውቀው በርሜል አለ። ቅዳሜ ጠዋት እናወጣዋለን። ከ11 ዓመት በላይ የሆኑትን ሁሉ ኑ ብያለሁ። አስተማሪ ለአራት ዓመት የሚቆይ ሁለት ሰው ጠየቅኩ። አንዷ እሺ አለች። አንዱ እየጸለየበት ነው።

ሐዋሳ ቲቸር (እሁድ ማታ 2፡44)

የሚጸልየውን ስልኩን ያዥው። የኒዶ ጣሳ አለሽ?

ከለርና ብስኩት (እሁድ ማታ 2፡46)

አሥራ አንድ። ከለሩን የማስቀምጥበት።